ላፕቶፑ ሳይለወጥ ዋይፋዩ ሲለወጥ

ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚወቀሰው አገልግሎት ሰጪው ነው። ቀጥሎ ራውተሩ ይጠፋና መልሶ ይበራል። እሱም ካልበጀ “ላፕቶፑ አርጅቷል” ይባልና ስለ አዲስ መግዣ ገንዘብ ማሰብ ይጀመራል። በራውተሩና በላፕቶፑ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚሸከመውን ዕቃ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ዕቃ ከላፕቶፑ የታችኛው ክዳን ሥር ተሰክቶ የሚሠራው የዋይፋይ ካርድ ነው። በዚያው ራውተር፣ በዚያው ክፍል ስልኩ ቪዲዮ ሳያቋርጥ እያሳየ ላፕቶፑ ብቻ የሚንገታገት ከሆነ፣ ካርዱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ደግነቱ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ ካርድ ተነቅሎ በተሻለ ይተካል።

ካርዱ ምን ይመስላል?

ዛሬ በብዛት የሚገኘው ኤም ዶት ቱ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 30 ሚሊሜትር ነው። ባንዱ ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ማስገቢያ ጋር የሚገናኙ ወርቃማ ጥርሶች አሉት፤ በሌላው ጫፍ አንዲት ብሎን የምትይዘው ግማሽ ክብ ተቆርጦለታል። ቀደም ያሉ ላፕቶፖች ደግሞ ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውንና ሰፋ ያለውን ካርድ ይጠቀማሉ። ሁለቱ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገቡም።

ከካርዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይነሣሉ፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ወይም ግራጫ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ሽቦዎቹ በማጠፊያው በኩል ሾልከው ወደ ስክሪኑ ክዳን ይወጣሉ፤ አንቴናዎቹ የተሸሸጉት እዚያ በስክሪኑ ዙሪያ ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ስለሚጋርድ ገላቸው ብረት የሆኑ ላፕቶፖች እንኳ አንቴናው ባለበት ስፍራ ላይ ፕላስቲክ ይገባላቸዋል። ካርዱ ሲቀየር አንቴናዎቹ አይነኩም፤ ባሉበት ሆነው አዲሱን ካርድ ያገለግላሉ።

ካርዱ የሚሠራው ዋይፋይን ብቻ አይደለም። ብሉቱዝም ከእሱው ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ካርድ የቀየረ ሰው ብሉቱዙንም አብሮ ያድሳል። ባለ አንድ አንቴና በሆነ ካርድ ላይ በብሉቱዝ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ ፋይል ማውረድ ሁለቱንም የሚያደናቅፈው፣ ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ በአንድ አንቴና ተራ ስለሚጠብቁ ነው።

ከመነሻው ተነቃይ ነበር

አፕል እ.ኤ.አ. በጁላይ 1999 አይቡክ የተባለውን ላፕቶፕ ሲያስተዋውቅ የገመድ አልባ ካርዱ ለብቻው በ99 ዶላር የሚሸጥ ነበር። ገዢው ኪቦርዱን ራሱ አንሥቶ ካርዱን ከሥሩ ይሰካዋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋቢት ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2003 ኢንቴል ፕሮሰሰሩን፣ ቺፕሴቱንና የዋይፋይ ካርዱን ሴንትሪኖ በሚል አንድ ስም ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ ዋይፋይ የሌለው ላፕቶፕ ማግኘት እየከበደ ሄደ። ካርዱ ግን ለብዙ ዓመታት ለብቻው እንደተሰካ ቆየ። የዋይፋይ ትውልድ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚታደስ፣ ሌላው አካሉ ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ በዚህ አንድ ዕቃ ምክንያት ወደ ኋላ እንዳይቀር ያደረገው ይህ አሠራር ነው።

ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን

ሪልቴክ አርቲኤል 8723ቢኢ ከዛሬ ዐሥር ዓመት ገደማ በፊት በብዙ ዋጋቸው ዝቅ ባለ ላፕቶፖች ውስጥ ይገባ የነበረ ካርድ ነው። የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ሲሆን የሚልከውም የሚቀበለውም በአንድ አንቴና ነው። የወረቀት ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ነው፤ ራውተሩ ጠባቡን የሞገድ መስመር ሲጠቀም ደግሞ ወደ 72 ይወርዳል። በዋይፋይ ላይ ተጠቃሚው እጅ የሚገባው ከወረቀቱ ፍጥነት ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለው ነው። ስለዚህ በሰከንድ 100 ሜጋቢት መስመር የሚከፍል ቤተሰብ በዚህ ካርድ ከግማሹ በታች ሊያገኝ ይችላል። ጎተራው ሙሉ ሆኖ አፉ እንደጠበበ ማለት ነው።

የሞገዱ ነገርም አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይደራረቡ መሥራት የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ላይ ቤት ሁሉ የራሱ ራውተር ሲኖረው ሁሉም በእነዚህ ሦስት መስመሮች ይጋፋሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚረብሸው ይህንኑ ሞገድ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ብዙ ቻናል አለው። ግድግዳ ይበልጥ ያዳክመዋል፤ ያው ግድግዳ ግን የጎረቤትንም ሞገድ ይከለክላል። የድሮው ካርድ ይህን ሰፊ መስመር ጨርሶ አያየውም፤ ራውተሩ በሁለቱም ሞገድ ቢያሠራጭ እንኳ ላፕቶፑ ላይ የሚታየው የአንዱ ስም ብቻ ነው።

ኢንቴል ኤኤክስ210 በ2.4፣ በ5 እና በ6 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ የሚጠቀመውም ሁለት አንቴና ነው። ከዋይፋይ 6 ራውተር ጋር በ80 ሜጋኸርዝ ስፋት ሲገናኝ የወረቀት ፍጥነቱ በሰከንድ 1,201፣ በ160 ሜጋኸርዝ ደግሞ 2,402 ሜጋቢት ይደርሳል። ግማሹ ብቻ እጅ ቢገባ እንኳ ለአብዛኛው የቤት መስመር ከበቂ በላይ ነው።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ ያለው ካርድ ይታወቅ። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ተከፍቶ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ሲነካ የካርዱ ስም ይታያል። ቀጥሎ ራውተሩ ይታይ፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ለሚያሠራጭ አሮጌ ራውተር ውድ ካርድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ካርዱ ይነቀላል ወይ የሚለው ነው። በኋለኞቹ የአፕል ማክቡኮችና በብዙ ስስ ላፕቶፖች ላይ የዋይፋዩ ቺፕ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይነቀልም። ለእነዚህ ያለው አማራጭ በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ አዳፕተር ነው።

ሦስተኛው ብዙ ገዢ የሚታለልበት ነው። ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ210 ሙሉ ካርዶች ናቸው፤ ከኤኤምዲ ፕሮሰሰር ጋርም ይሠራሉ። ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 መልካቸው ያው ነው፤ ማስገቢያውም ይቀበላቸዋል። ነገር ግን የሥራቸውን ከፊል ለኢንቴል ፕሮሰሰርና ቺፕሴት የተዉ ስለሆኑ፣ ለእነሱ በተዘጋጀ የኢንቴል ላፕቶፕ ካልሆነ በቀር ጨርሶ አይሠሩም። በመጨረሻዋ ቁጥር፣ በ0 እና በ1 መካከል ያለው ልዩነት ገንዘቡን ይበላል።

አራተኛው የአምራቹ ክልከላ ነው። እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ230 ያሉ የቀድሞ ላፕቶፖች ማሽኑ ሲበራ በሚነሣው ፕሮግራማቸው (ባዮስ) ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር ይዘዋል። ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ካርድ ሲገባባቸው 1802 የሚል የስሕተት ቁጥር አውጥተው፣ ያልተፈቀደ ካርድ እንዲነቀል አዝዘው ይቆማሉ። አምራቾች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት የሬዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው ካርዱና አንቴናው አንድ ላይ ተፈትሸው ነው የሚል ነው። ምክንያቱ ተሰሚነት ቢኖረውም ዋጋውን የከፈለው ባለቤቱ ነው፤ በገዛ ዕቃው ላይ ፈቃድ ጠያቂ ሆኗል። በኋላ በወጡ ብዙ ሞዴሎች ላይ ይህ ክልከላ ተነሥቷል፤ ቢሆንም ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው ሰው የሞዴሉን ጉዳይ ሳያጣራ ካርድ ባይገዛ ይመረጣል።

ሥራው

ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት የአዲሱ ካርድ ድራይቨር ወርዶ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። አሮጌው ካርድ ከወጣ በኋላ አዲሱ ካልታወቀ ላፕቶፑ ኢንተርኔት ስለማይኖረው ድራይቨሩን ፍለጋ ሌላ ኮምፒውተር ማስቸገር ይመጣል።

ላፕቶፑ በሙሉ ይጥፋ፤ ቻርጀሩ ይነቀል። የታችኛው ክዳን ሲከፈት ከሁሉ በፊት የባትሪው መሰኪያ ይላቀቅ። የታችኛው ክዳን ብሎኖች ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ በወጡበት አቀማመጥ ወረቀት ላይ መደርደር ይጠቅማል፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ሲገባ ኪቦርዱን ወይም ማዘርቦርዱን ሊወጋ ይችላል። ካርዱን ከመንካት በፊት ያልተቀባ ብረት መንካት በሰውነት ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሙላት ያስወግዳል።

ሽቦዎቹ ሳይነቀሉ ፎቶ ይነሡ፤ ጥቁሩ የት፣ ነጩ የት እንደነበር ለማስታወስ ነው። ከዚያ ራሳቸው ላይ ያለችው ክብ መሰኪያ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትነሣለች፤ ሽቦውን መጎተት ይበጥሰዋል። ብሎኗ ስትፈታ ካርዱ በራሱ ቀና ይላል። አዲሱም እንዲሁ አጋደል ብሎ ይገባና ተጫን ተደርጎ በብሎን ይታሰራል።

ከባዱ ክፍል ሽቦዎቹን መመለስ ነው። በኤም ዶት ቱ ካርድ ላይ ያለችው መሰኪያ ስፋቷ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሽቦው መጀመሪያ ላይዋ በትክክል ይቀመጥ፤ በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ወዲያ ወዲህ ሲባል ቦታውን ካገኘ መንሸራተቱን ያቆማል። የሚጫነው ያኔ ነው፤ ትንሽ “ጠቅ” ይላል። ሳይገጥም ከተጫነ ጠርዙ ይጣመማል፤ ሽቦው ከዚያ በኋላ የገባ ይመስላል እንጂ አይዝም። ካርዱ ተቀይሮ ከራውተሩ ራቅ ሲሉ ሞገዱ የሚዳከም ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ምን ይጠበቅ?

ካርድ መቀየር አገልግሎት ሰጪው የሚያደርሰውን ፍጥነት አያሳድግም። መስመሩ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ ራውተሩ አጠገብ ሆኖ በድሮውም ካርድ 10 ይደርስ ነበር። የሚገኘው ጥቅም የተከፈለበት ፍጥነት ሳይሸራረፍ ላፕቶፑ ድረስ መድረሱ፣ የቪዲዮ ስብሰባ መሐል ላይ አለመቆረጡና የብሉቱዙ መረጋጋት ነው። ላፕቶፑ ውስጥ የአንድ አንቴና ሽቦ ብቻ ካለ ደግሞ ባለ ሁለት አንቴናው ካርድ አቅሙን በሙሉ አያሳይም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ማንም ገዢ በገዛ እጁ ይሰካው የነበረ ዕቃ ዛሬ በየዓመቱ ይበልጥ እየተበየደ ነው። ላፕቶፕ ከውጭ መጥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ለብዙ ዓመታት በሚያገለግልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ትንሽ ዕቃ ባረጀ ቁጥር ሙሉው ማሽን አብሮት ያረጃል። ስለዚህ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰሩ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ “ዋይፋይ ካርዱ ይነቀላል ወይስ የተበየደ ነው?” ብሎም ይጠይቅ። ሻጩ መልሱን ካላወቀው የሞዴሉ የጥገና መመሪያ ያውቀዋል።