የመካንነት ሕክምና ሆርሞን ከሽንት ወደ ቤተ ሙከራ

መካንነትን ለማከም ከሚውሉ መድኃኒቶች ዋነኛው ኤፍ ኤስ ኤች የተሰኘው ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ በተፈጥሮ ከአንጎል ሥር ከሚገኘው የፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጭ ሲሆን፣ ዕንቁላል በሚያመነጨው የሴት አካል (ዕንቁልጢ) ውስጥ ዕንቁላል እንዲጎለብት ያደርጋል።

ቀደም ሲል መድኃኒቱ የሚጣራው ካረጡ ሴቶች ሽንት ነበር። ሆርሞኑ ከማረጥ በኋላ በሰውነት ውስጥ ስለሚበዛ በጣሊያን ከአረጋውያን መነኮሳይያት ሽንት ይሰበሰብ ነበር። በዚሁ መድኃኒት የመጀመሪያው ሕፃን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1962 በእስራኤል ነው።

ይሁንና ሽንት በመሰብሰብ ብቻ እያደገ የመጣውን ፍላጎት ማሟላት አዳጋች ሆነ። ሆርሞኑን ከሟቾች ዕጢ ማውጣት ደግሞ የከፋ መዘዝ አስከተለ። በአውስትራሊያ ይኸው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1985 ቢቆምም፣ ከታከሙት ሴቶች ጥቂቶቹ አንጎልን በሚያጠፋው የክሮይትስፌልት-ያኮብ በሽታ ሕይወታቸው አልፏል።

መፍትሔው የሰውን ዘረመል በሌላ ሕዋስ ውስጥ ማስገባት ሆነ። ኢንሱሊን በባክቴሪያ ይመረታል፤ ኤፍ ኤስ ኤች ግን ስኳሮች የተያያዙበት ፕሮቲን በመሆኑ ተራ ባክቴሪያ ሊሠራው አይችልም። ስኳሩ የጎደለው ሆርሞን በደም ውስጥ አይቆይም። ስለሆነም ሃምስተር ከተባለችው አይጥ መሰል እንስሳ ዕንቁልጢ የተገኘ ሕዋስ ተመረጠ። ሕዋሳቱ በተዘጉ በርሜሎች ውስጥ እየተራቡ ሆርሞኑን ወደ ፈሳሹ ይለቃሉ፤ ፈሳሹም በተደጋጋሚ ይጣራል። የመጀመሪያው ምርት በአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

ከሽንት የሚጣራው ዓይነት ዛሬም አልቀረም። በመውለድ ውጤት ረገድ በሁለቱ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት እንደሌለ ጥናቶች ስለሚያመለክቱ፣ የመድኃኒት ግዥ ኃላፊዎች ዋጋንና አቅርቦትን ማመዛዘናቸው ተገቢ ይሆናል።