የመምህር አጋዥ መምህር ነው፦ የጉድኝት ማዕከል በጋምቤላ

ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ወሬ ሲነሳ የክፍል ጥበት፣ የመጽሐፍ እጥረትና የመምህር ደመወዝ ቀድመው ይመጣሉ። ሁሉም የሚያነጋግሩ ናቸው። ከኮሌጅ ወጥቶ ጠመኔ የጨበጠን ወጣት ከዚያ በኋላ ማን ያግዘዋል የሚለው ግን ብዙም ሲጠየቅ አልሰማም። መልሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ጥግ፣ «የጉድኝት ማዕከል» የሚል ጽሑፍ ካለበት ክፍል ውስጥ ይገኛል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ከቆሙት ተቋማት ሁሉ ለክፍሉ የቅርቡ ይህ ነው። እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ የሚገባውን ክብር ግን እስካሁን አላገኘም።

አወቃቀሩ ቀላል ነው። ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ይቧደናሉ፤ የተሻለ ሕንጻና አመቺ ቦታ ያለው ማዕከል፣ ሌሎቹ አባል ይሆናሉ፤ አንድ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ይመደብላቸዋል። በላያቸው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ።

የማዕከሉ ዋና ሥራ መምህራን በአጭሩ «ተሙማ» የሚሉት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ራሱን በሙያው ማነጽ አለበት። አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከአንድ ነባር መምህር ጋር ተመድቦ በአማካሪ ይሠራል። ሥራው ሁሉ በማህደረ ተግባር ይያዛል፤ ከጀማሪ መምህር ጀምሮ ወደ ላይ በሚዘልቀው የእድገት መሰላል ላይም ይታሰብለታል። ስለዚህ ማዕከሉ ሲዳከም የሚጎዳው የመምህሩ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ እድገቱም አብሮ ይጎዳል።

ስለዚህ ተቋም ከሚነገሩት ስህተቶች ሁሉ አንዱን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እሱም ሱፐርቫይዘር ማለት ተቆጣጣሪ ነው የሚለው እምነት ነው። «ሱፐርቫይዘር መጣ» ሲባል ግቢው ይጠረጋል፣ የትምህርት ዕቅድ በችኮላ ይጻፋል፣ ጎበዝ የተባሉት ልጆች ከፊት ይቀመጣሉ። መምህሩ ትናንት ያስተማረውን፣ ልጆቹ በቃላቸው የያዙትን ትምህርት ደግሞ ያቀርባል። ሱፐርቫይዘሩም የቅጹን ሳጥኖች ሞልቶ፣ ፊርማ ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለቱም ደከሙ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን አንድም ነገር አልተሻሻለም።

ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሥር አለው። በዘመናዊ ትምህርታችን ታሪክ መምህሩን ሊያይ የሚመጣው ባለሙያ ኃላፊነት ሲገለባበጥ ኖሯል። በ1934 ዓ.ም. ሥራው በኢንስፔክሽን ተጀመረ፤ ባለሙያው ትምህርት ቤቱን ይመረምራል፣ ያየውን ለበላይ ያቀርባል። በ1955 ዓ.ም. ወደ ሱፐርቪዥን ተለወጠ፤ ማገዝ የሥራው ዋና ነገር ሆነ። በደርግ ዘመን፣ በ1973 ዓ.ም.፣ ተመልሶ ኢንስፔክሽን ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ሲወጣ ደግሞ ዳግመኛ ወደ ሱፐርቪዥን ዞረ። አንድ መምህር በሥራ ዘመኑ ያንኑ ጎብኚ አንድ ጊዜ መርማሪ፣ ሌላ ጊዜ አጋዥ ሆኖ ካገኘው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ዛሬ ግን ጉዳዩ በመመሪያ የተለየ ነው። በ2006 ዓ.ም. ኢንስፔክሽን ራሱን ችሎ ተዋቀረ። በ26 ስታንዳርዶች እየመዘነ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። መመዘን የእሱ ሥራ ነው። የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ሥራ ማገዝ ነው። መዛኙና አጋዡ መለየታቸው በትምህርት አስተዳደራችን ከተወሰዱ ብልህ እርምጃዎች አንዱ ነው እላለሁ። የሚያሳዝነው ብዙ ርዕሳነ መምህራንም፣ አንዳንድ ሱፐርቫይዘሮችም ልዩነቱን በተግባር አለማወቃቸው ነው።

ማገዝ ምን ይመስላል? ሦስት እርከን አለው። መጀመሪያ ሱፐርቫይዘሩና መምህሩ ቁጭ ብለው «ዛሬ ምን ልይልህ?» ይባባላሉ፤ መምህሩ የሚቸገርበትን ራሱ ይመርጣል። ቀጥሎ ምልከታው ይካሄዳል። በመጨረሻ የታየው ነገር በግብረ መልስ ይቀርባል፤ «ደካማ ነህ» በሚል ፍርድ ሳይሆን «ይህን ጥያቄ ከጠየቅህ በኋላ ልጆቹ ሳይመልሱ አንተ መለስህ» በሚል ማስረጃ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እገዛው ጎደሎ ነው።

ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ባለ አንድ ማዕከል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአራት ትምህርት ቤቶች የመጡ መምህራን በተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት የሁለተኛ ክፍል መምህርት መቀነስን ታሳያለች፤ ባልደረቦቿ ተማሪ ሆነዋል። በእጇ የያዘችው ከባሮ ዳር ከመጣ ሸምበቆ የተቆረጡ እንጨቶች ናቸው። አሥር አሥሩ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በተቀደደ ላስቲክ ታስሯል፤ የተረፉት ነጠላ ናቸው። ጥያቄው 32 ሲቀነስ 17 ነው። ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከሁለት ላይ ሰባት አይነሳም፤ ስለዚህ አንዱን እስር ፈታች፣ አሥሩን ከሁለቱ ጋር ቀላቀለች፣ ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን አነሳች፣ ከቀሩት ሁለት እስሮች አንዱን አስወገደች። አንድ እስርና አምስት ነጠላ ቀረ፤ 15። ንጹሕ ትምህርት ነበር፤ እኔ ላጨበጭብ ተነሳሁ።

ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ መምህር ግን እጃቸውን አወጡ። «ቲቸር፣ ጥሩ ነው። ግን እስሩን የፈታሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እንዲያዩ ብዬ ነው ጋሼ።»

«ማየቱንስ አዩ። አሥሩ አንድ መሆኑን፣ አንዱም አሥር መሆኑን የሚያውቀው ግን ላስቲኩን የፈታው እጅ ነው። ለልጁ ስጪው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ማውራት ጀመረ። አንዱ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለሁሉ እስር ማዳረስ እንደማይቻል ተናገረ። ሌላዋ ለአምስት ልጅ አንድ ጥቅል ቢደርስ እንደሚበቃ፣ ሸምበቆውንም ልጆቹ ራሳቸው ይዘው እንደሚመጡ መለሰች። መምህርቷ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ እንደገና አስተማረች፤ በዚህኛው ዙር እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ውጤት የሰጣት ሰው የለም፤ ደረጃም አልወጣላትም። እኔ ግን በብዙ የሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ያላየሁትን መሻሻል በዚያች ጠዋት አየሁ። የጉድኝት ማዕከል ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ጃፓኖች ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያዳበሩት ልማድ አላቸው። መምህራን አንድን ትምህርት በጋራ ያቅዳሉ፣ አንዱ ያስተምረዋል፣ ሌሎቹ የተማሪዎቹን ሁኔታ ይመዘግባሉ፣ ከዚያ ተወያይተው ዕቅዱን ያርማሉ። ዓለም ዛሬም ከእነሱ ይቀዳል። በጋምቤላ ያየሁት ቅዳሜ ከዚህ በምንም አያንስም፤ ያጣው ነገር ቢኖር በየሳምንቱ መደጋገምን ነው።

በጋምቤላ ይህ ተቋም ከሌላው ክልል የበለጠ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፤ እሱም ቋንቋ ነው። ክልሉ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች መኖሪያ ነው፤ ከሌላ የአገሪቱ ክፍል የመጡም ብዙ ነዋሪዎች አሉበት። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአኙዋ፣ በኑዌርና በማጃንግ ቋንቋዎች ይማራሉ፤ ከዚያ ልጁ ወደ እንግሊዝኛ ይሸጋገራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማንበብ ያልጸናበት ልጅ እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህር የሚሸከመው ኃላፊነት ከባድ ነው።

ይህን ኃላፊነት የተሸከመው መምህር ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቸኛ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የአኙዋ ቋንቋ የሚያስተምር አንድ ሰው ብቻ ሊኖር ይችላል። የሚያማክረው የለም። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ድጋፍ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ትልቁ የንባብ ፕሮግራም የሸፈነው ሰባት ቋንቋዎችን ነበር፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀድይኛ። የጋምቤላ ቋንቋዎች ከሰባቱ ውስጥ አልነበሩም። በጉድኝት ግን ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ሆነው የመጡ የቋንቋ መምህራን ሦስት፣ አራት ይሆናሉ። አንዱ ልጆች የሚያምታቱትን ድምፅ ያነሳል፣ ሌላው ያንን ድምፅ የሚያስለምድ ታሪክ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ሥዕል ይጨምርበታል፤ ይባዛና ሁሉም ይዞት ይሄዳል። መጽሐፍ በሚያንስበት ቋንቋ የማዕከሉ ማባዣ ማተሚያ ቤት ነው።

መርጃ መሣሪያዎቹን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። በደርግ ዘመን በየአውራጃው ፔዳጎጂካል ማዕከላት ነበሩ፤ ከአካባቢ ቁሳቁስ መርጃ ማዘጋጀትን ያስለመዱን እነሱ ናቸው። በጋምቤላ ይህ ጥበብ የግድ ነው። በካርቶን የተሠራ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ምስጥ ይበላዋል፤ የክረምቱ እርጥበት የተረፈውን ያጥፈዋል። አዋቂዎቹ መምህራን በማዳበሪያ ጆንያ ጀርባ ላይ በማርከር ይጽፋሉ፤ ጆንያው ይጠቀለላል፣ ከቆሸሸ ይታጠባል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ቆርኪ ለመቁጠሪያ፣ ቅል ለመለኪያ፣ የባሮ ሸክላ ለፊደል ቅርጽ ይሆናል። ብር የሚጠይቀው ማርከሩ ብቻ ነው።

ርቀት ሌላው ፈተና ነው። በጋምቤላ ከተማ ውስጥ አባል ትምህርት ቤቶች በእግር ይደረሳሉ። ወደ ኑዌር ዞን፣ ወደ ጂካዎና አኮቦ ሲኬድ ግን በክረምት ውኃው ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ በበጋ ደግሞ ከብት ተከትሎ ወደ ወንዝ የሚወርደው ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። ለሱፐርቫይዘሩ ሞተር ሳይክል ሰጥቶ ነዳጅ መከልከል ሰውየውን ቢሮ ውስጥ ማሰር ነው።

ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን በሚያስተናግደው በዚህ ክልል እንደ ኩሌ፣ ቴርኪዲና ጄዊ ባሉ መጠለያዎች የሚያስተምሩ መምህራንም አሉ። ከስደተኛው መካከል የወጡ መምህራን በጋምቤላ መምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የመሠልጠን ዕድል አግኝተዋል። ኑዌርኛ የሚያስተምረው የመጠለያ መምህርና ኑዌርኛ የሚያስተምረው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሚቸገሩበት ነገር አንድ ነው። በአንድ ጉድኝት ቢቀመጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

አሁን ደግሞ ማዕከሉን ለሚያበላሹት ጥቂት ልበል። ርዕሰ መምህር ሆይ፣ የማዕከሉ ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ መዋል የለበትም፤ የተቆለፈ ማዕከል መጋዘን ነው። መምህር ሆይ፣ የጓደኛህን ማህደረ ተግባር ገልብጠህ ስም መቀየር 60 ሰዓትህን አይሞላም፤ የምትሰርቀው ራስህን ነው። አበል የሌለው ስብሰባ አልመጣም የምትሉም፣ የምትተዉት የራሳችሁን ዕውቀት መሆኑን አስቡ። የወረዳ ኃላፊዎች የቅዳሜን ውይይት ሪፖርት መሰብሰቢያና የመዋጮ ማስታወቂያ አታድርጉት። ለጋሾችም የፕላስቲክ ሞዴልና ኮምፒውተር አምጥታችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መምህሩን ምን እንደቸገረው ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የሚላችሁ ወረቀት፣ የማባዣ ቀለምና ነዳጅ ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ መጸዳጃ ቤት ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የልጆቻችን መምህራን በዚህ ወር በጉድኝት ማዕከል ተገናኝተዋል ወይ? አልተገናኙም ከተባላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባም መልሱን ተከታተሉ።