ሴት በጎረቤት አገር ጋዜጦች

ጧት ከመሥሪያ ቤታችን ገብተን ጋዜጣ ስንገልጥ ወሬው ምን እንደ ሆነ እንጂ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ እምብዛም አንመረምርም። በብዙ አገሮች የተደረገ የዜና ቈጠራ እንዳስረዳው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓመተ ምሕረት በዜና ከሚጠቀሱት ሰዎች ሴቶቹ ከመቶ 17 ነበሩ፤ በ2020 ከመቶ 25 ደረሱ። ይህ የ25 ዓመት ዕርምጃ ነው!

በኬንያ ኤስ. ኤም. ኦቲየኖ የተባሉ ታዋቂ ጠበቃ በ1986 መጨረሻ ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋምቡዪ በናይሮቢ አጠገብ ካለው ርስታቸው ሊቀብሩዋቸው ፈለጉ። የሉዎ ዘመዶቻቸው ደግሞ «ከአባቶቹ አገር ይቀበራል» አሉ። ሬሳው ሳይቀበር ከአምስት ወር በላይ ቈየ፤ የናይሮቢ ጋዜጦችም ክርክሩን በሰፊው አተሙት። ወይዘሮ ዋምቡዪ በወጣትነታቸው የማውማውን ትግል ያገለገሉ፣ ኋላም ለፓርላማ የተወዳደሩ ሴት ናቸው። የገነነው ጥያቄ ግን ሚስት በባልዋ ሬሳ ላይ ምን ሥልጣን አላት የሚለው ሆነ። በ1987 ፍርዱ ለዘመዶቹ ተሰጠ። ጋዜጠኞቹ የጻፉት የችሎቱን ቃል ነው ይባል ይሆናል፤ አርእስቱን የሚመርጠው ግን ችሎቱ አይደለም።

በሱዳን ሴቶቹ ራሳቸው ብዕር ጨብጠዋል። በ1952 የተቋቋመው የሱዳን ሴቶች ማኅበር አባሎች በ1955 «ሳውት አል ማርአ» ማለት «የሴት ድምፅ» የተባለውን መጽሔት አወጡ፤ ዋና አዘጋጅዋም ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም ነበሩ። ማኅበሩ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ይጠይቅ ነበር። ያገባች የመንግሥት ሠራተኛ በወር ውል ብቻ እንድትቀጠር የሚያደርገውንም ደንብ ይቃወም ነበር፤ ይህ ነገር የደመወዝ መዝገብ ለምናገላብጥ ለእኛ በቀላሉ የሚገባ ነው። የሱዳን ሴቶች በ1964 የመምረጥ መብት አገኙ፤ በ1965 ፋጢማ የአገሪቱ የመጀመሪያዪቱ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ።

እኚህ ሴት የጋዜጣን ሥራ የጀመሩት ገና በኦምዱርማን ተማሪ ሳሉ ነው። ስለ ሴቶች መብት በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። በዚያው ዘመን አስተዳደሩ የሳይንስን ትምህርት ሰርዞ በምትኩ የባልትና ትምህርት እንዲሰጥ አዘዘ። ፋጢማ ተማሪዎቹን አስተባብረው አድማ አደረጉ፤ አድማውም ሠመረ።