አዲሱን ቅኔ የሚይዘው ጓዳ

ከብቸና ብዙ ሳይርቅ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ በሆነው በዲማ ጊዮርጊስ፣ የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ሲቆጥር ውሎ ያገኘውን ጉባኤ ቃና ለመምህሩ በሚነግርበት ሰዓት፣ የኔታ ብራና ሳይገልጡ፣ ቀለም ሳያስቀርቡ፣ አንድ ጊዜ የሰሙትን በልቡናቸው ይዘው፣ ቤቱ የት ላይ እንደ ተሰበረ፣ ሰሙ ከወርቁ የት ላይ እንደ ተለያየ ለይተው፣ አርመው ይመልሱለታል። ዳዊትስ ከሕፃንነት ጀምሮ ሲደገም የኖረ ነውና አፍ ራሱ ይዞት ይሄዳል፤ ቅኔ ግን ትናንት ያልነበረ፣ ነገም የማይደገም ስለ ሆነ፣ ሰሚው አሁን ካልያዘው ሌላ ጊዜ የለውም።

እንግዲህ ትዝታቸው መድከም የጀመረ አንድ አረጋዊ መምህር አሉ እንበል፤ መቶ ሃምሳውን መዝሙር አንዲት ፊደል ሳይስቱ ይዘልቁታል፤ ነገር ግን አሁን ያረሙትን ቅኔ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዳልሰሙት ሆነው «እስቲ ንገረኝ» ይላሉ። ቤተ ሰቡ ዳዊቱን ሰምቶ ይጽናናል፤ የቀረውንም «እርጅና ብቻህን ና» ብሎ ያልፈዋል። የነርቭ ሐኪም ግን ካልጠፋው ዳዊት ይልቅ ያልተያዘው ቅኔ ያሳስበዋል፤ አሮጌው ትምህርትና አዲሱ ነገር በአንጎል ውስጥ የሚያድሩበት ጓዳ አንድ አይደለምና።

አዲሱን ተቀብሎ የሚያሳድረው ጓዳ በግራና በቀኝ፣ በጆሮ አንጻር ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገኝ፣ በጤነኛ ጎልማሳ በእያንዳንዱ ጎን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል የሚሆን ጥምዝ አካል ሲሆን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት የቦሎኛው ሊቅ ጁሊዮ ቼዛሬ አራንዚ ቅርጹን አይቶ በባሕር ፈረስ ስም ሂፖካምፐስ ብሎታል። ሥራው በጉልህ የታወቀው ግን፣ ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ስለሚጥል በሽታው በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ይህ ክፍል ከሁለቱም ጎን በአብዛኛው ከወጣለት በኋላ፣ የልጅነቱን እያስታወሰ፣ አዲስ የተዋወቀውን ሰው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ እንደ እንግዳ ሲቀበል በመኖሩ ነው።

ይህም ጓዳ ራሱ፣ ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማሕሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ እንደሚከፈል፣ በክፍላት የተለየ ነው። ጥርሳማው እጥፋት የሚመሳሰሉትን፣ ለምሳሌ በአንድ ቤት የሚመቱትን ሁለት ቅኔዎች፣ ይለያል፤ ሲኤ3 የሚባለው ከአንዲት ቃል ተነሥቶ ምሉዑን ይጠራል፤ ሲኤ1ና ሱቢኩለም ደግሞ የተያዘውን ወደ ውጭ ያስተላልፋሉ። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ደጀ ሰላም ከሚቆጠረው ከአጠገቡ ካለው የአንጎል ቅርፊት ይነሣና፣ ቀጥሎ ሲኤ1ንና ሱቢኩለምን ይጎዳል። ስለዚህ ጠቅላላው መጠን ገና ብዙ ሳይጎድል፣ የክፍላቱን ጉድለት ለይቶ ማወቅ የተመራማሪዎች ምኞት ሆነ።

ለዚህ የሚረዳው መሣሪያ ኤምአርአይ በብርቱ ማግኔት ኃይል፣ ያለ ራጅ ጨረር፣ በሰውነት ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጂን ምስል ያወጣል። ቀድሞ ባለሙያው የሂፖካምፐስን ዳር ድንበር በየቁራጩ ምስል ላይ በእጁ ሲያሰምር ይደክም ነበር፤ ዛሬ ግን በቦስተን አካባቢ የተሠራውን ፍሪሰርፈርን የመሰለ ሶፍትዌር ምስሉን 1 ሚሊ ሜትር በሚያህሉ ኩቦች ቆጥሮ፣ እያንዳንዱን ለየክፍሉ ይመድባል። ለዚህም ሥራ መምሪያ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው አትላስ፣ ከሞቱ ሰዎች የተገኙ 15 ናሙናዎች እጅግ በጠራ ምስል ተነሥተው የተዘጋጀ ነው። የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው፣ የጤነኛ አረጋዊ ሂፖካምፐስ በዓመት 1.4 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ የአልዛይመር ሕመምተኛው 4.7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በመሆኑም ከአንድ ቀን ልኬት ይልቅ በዓመታት መካከል የተደገመው ልኬት የበለጠ ይናገራል።

ይሁን እንጂ በ1 ሚሊ ሜትር ምስል የክፍላቱ ወሰን ጎልቶ ስለማይታይ፣ ሶፍትዌሩ ያላየውን ከአትላሱ ይገምታል፤ የራስ ቅልም ትልቅና ትንሽ አለውና ልኬቱ ከእርሱ ጋር ካልተመዛዘነ ያሳስታል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ የሳንስክሪት መጻሕፍትን ለዓመታት በቃላቸው ያጠኑ የህንድ ሊቃውንት ሂፖካምፐስ እንዲህ ካላጠኑት ሰዎች ተለይቶ ተገኝቷል። እንዲህ ከሆነ፣ ዕድሜውን በቃል ትምህርት የፈጸመ የጎጃም ሊቅ በሌላ አገር ሰዎች ሚዛን ሲመዘን፣ ፈራጁ መጠንቀቅ አለበት።

መሣሪያው ከዲማ ሩቅ ነው፤ ከመሣሪያው በፊት የሚደረገው ግን ሩቅ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መድከምና የቆየ ትካዜ ሁሉ ትዝታን ያደክማሉ፤ እነዚህም ሊታከሙ የሚችሉ ናቸውና አስቀድሞ ሊመረመሩ ይገባል። አንዱን ቅኔ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ እንዲነግር የተጠየቀ ተማሪም፣ መምህሩን ያዋረደ እየመሰለው ዝም ከማለት፣ ነገሩን ለየኔታ ቤተ ሰብ ቀስ ብሎ ቢያስታውቅ ነውር አይሆንበትም።