እምቦጭ ከየት ነው ተመልሶ የሚመጣው?

ስሙማ! የጣና ዳር ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ውኃው ውስጥ ገብተው በእጃቸው እምቦጭ ሲነቅሉ አይታችኋል አይደል? አገር ሙሉ ተሰብስቦ ይነቅላል፤ በዓመቱ አረሙ ተመልሶ ቁጭ። ከየት ነው የሚመጣው? አሁን ገብቶኛል፤ እናንተም እስኪገባችሁ ድረስ አላርፍም።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ መነሻው የአማዞን ተፋሰስ። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የቅጠሉን አገዳ ብትቆርጡት ውስጡ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው፤ የሚንሳፈፈው በእነሱ ነው። ሥሩ ከታች መሬት መንካት አያስፈልገውም፤ ተንጠልጥሎ ምግቡን ከውኃው ይጠጣል። አረባቡ ደግሞ ልክ እንደ ሰርዶ ነው፦ ወደ ጎን ቀጭን ክንድ ይዘረጋል፣ ጫፉ ላይ ልጅ ይበቅላል፣ ልጁም በተራው ይዘረጋል። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል!

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ነቅሎ መጨረስ ይቻል ነበር። ግን ያ የሚያምር ሐምራዊ አበባ አለ። አበባው ሲጠወልግ ግንዱ ወደ ውኃው ያጎነብሳል፤ ዘሩ ይሰምጥና ጭቃ ውስጥ ይቀመጣል። እዚያም እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ሃያ ዓመት!

አሁን ነው ዋናው፤ ጆሮ ስጡኝ። ዘሩ ጥልቅ ውኃ ሥር እያለ አይበቅልም፤ ብርሃንና ሙቀት ይፈልጋል። ጣና ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ እየሸሸ ይሄዳል። በደንቢያና በፎገራ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ውኃው ጥቂት ዝቅ ሲል ሰፊ መሬት ይገለጣል። ገበሬው ባሕር ሸሽ የሚለው መሬት ይህ ነው፤ እርጥበቱ ሳያልፍ ይዘራበታል። ለካ የእምቦጩም ዘር እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው! ፀሐይ ያገኘዋል፣ ይበቅላል። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይመለስና ቡቃያውን ከጭቃው አንሥቶ ያንሳፍፈዋል። ሐይቁ ራሱ እኮ ነው የሚያስነሣው!

ይህ ሲገባኝ የመንቀያው ጊዜም ወለል ብሎ ታየኝ። ቡቃያው ገና እርጥቡ መሬት ላይ ትንሽ ሳለ፣ ሳያብብ፣ ጀልባም ሳያስፈልግ መልቀም ይቻላል። የተነቀለውም ዳር ላይ ተከምሮ መቅረት የለበትም፤ ያልደረቀው ክረምት ላይ ውኃ ሲደርስበት እንደገና ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሙላቱ ከማይደርስበት ድረስ ተወስዶ መድረቅ አለበት። ከባድ ሥራ ነው፤ እርጥብ እምቦጭ አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው።

ግን ጣና ለምን እንዲህ ተመቸው? ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከደጋው አፈር ይዘው ይወርዳሉ፤ ከአፈሩ ጋር ፎስፈረስ አለ፣ ከእርሻው የታጠበ ማዳበሪያም አለ። ለእምቦጭ ድግስ ማለት ነው።

ወንዞቹ የሚያመጡትን አፈር ደግሞ ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ መከታተል ይችላል፤ በጣም ያስደሰተኝም ይህ ነው! 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ በጥቁርና ነጭ ይቀባል፤ ክብደት ይታሰርበትና በየሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ ይወርዳል። ከዓይን ሲጠፋ ጥልቀቱን ማንበብ፣ መልሶ ስቦ ሲታይም ማንበብ፣ የሁለቱን አማካይ መጻፍ። አለቀ! ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ ዘዴውን በ1865 እ.ኤ.አ. ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሞክሮት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሰሌዳው ቶሎ ከጠፋ ውኃው ደፍርሷል፤ ቡናማ ከሆነ አፈር፣ አረንጓዴ ከሆነ ዋቅላሚ። በየወሩ፣ ቀትር አካባቢ፣ በየወንዙ መግቢያ ቢለካ የትኛው ወንዝ ብዙ አፈር እንደሚያመጣ ፍንጭ ይገኛል፤ ከዚያ አፈሩን የሚይዘውን እርከን ከየትኛው ተራራ እንደምንጀምር መነጋገር እንችላለን።