አንቀጽ 7 የትኛው ነው?
(በኮምፒውተር ስለሚጻፍ የሕግ ጽሑፍ አንቀጽ አቆጣጠር)



እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን ሥልጠናችንን ስንጨርስ ወደ ቡሌ፣ ወደ ኮቸሬ፣ ወደ ገደብ ወይም ወደ ወናጎ ገጠር ቀበሌዎች እንመደባለን። እዚያ ደግሞ የመምህር ሥራ ክፍል ገብቶ ማስተማር ብቻ አይደለም። «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ይህችን ጻፍልን» የሚል ሰው አይጠፋም። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ውስጠ ደንብ፣ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውል፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ መምህሩ እጅ ይገባል። እነዚህ ደግሞ እንደ ተራ ደብዳቤ አይደሉም፤ ሰው የሚከራከርባቸው፣ ገንዘብ የሚከፈልባቸውና የሚከለከልባቸው ጽሑፎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በዚህች ገጽ ላይ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ጣጣ ያላትን ጉዳይ ላስረዳ አስቤአለሁ። ይኸውም አንቀጾችን በኮምፒውተር ስለ መቁጠር ነው።

በመጀመሪያ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። ዐሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ የሰፈራችን ዕድር ሽማግሌዎች ደንባቸውን በኮምፒውተር እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። ደንቡ 14 አንቀጽ ነበረው። አንቀጽ 6 ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል ይላል። አንቀጽ 7 ደግሞ በሕመም ምክንያት መክፈል ያቃተው አባል ቡና እስኪደርስ ይታገሠዋል ይላል። አንቀጽ 11 «በአንቀጽ 7 የተመለከተው አባል ሐዘን ቢደርስበት ሙሉ የቀብር ገንዘብ ይከፈለዋል» ይላል። መልካም ደንብ ነበር። ቁጥሮቹን ሁሉ በጣቴ እየመታሁ ጻፍኩት።

ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሽማግሌዎቹ ስለ አዲስ አባላት መግቢያ አንድ አንቀጽ ከ3ኛው ቀጥሎ ይግባ አሉ። አስገባሁ። ከዚያ በታች ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አስተካከልኩ፤ 6 የነበረው 7 ሆነ፣ 7 የነበረው 8፣ 11 የነበረው 12። ታትሞ ተፈረመበት፣ ማኅተምም ተመታበት። በአንቀጹ ሆድ ውስጥ ያለችውን «በአንቀጽ 7» የምትል ቃል ግን ረሳኋት።

ክረምት ሲገባ አንዲት እናት ባላቸው ሞተባቸው። ከሕመም የተነሣ አራት ወር አልከፈሉም ነበር። ገንዘብ ያዡ ወረቀቱን አውጥተው «አንቀጽ 12 ሙሉ ገንዘብ የሚፈቅደው ለአንቀጽ 7 ሰው ነው፤ እሳቸው የአንቀጽ 8 ናቸው» አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ በወረቀቱ መሠረት ሙሉ ገንዘብ የሚገባው ለተሰረዘ ሰው ነው፣ ታምሞ ለቆየው አይደለም! ድንኳን ተጥሎ፣ ለቀስተኛ ተቀምጦ ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ አንድ አባት የድሮውን ቃለ ጉባኤ ከቤታቸው አስመጥተው «እኛ የወሰንነው እንዲህ አልነበረም» ብለው ነገሩን አበረዱት። እናቲቱ ገንዘባቸውን አገኙ፤ ግን ከቀብሩ አምስት ቀን በኋላ ነው። እኔን ማንም አልተቆጣኝም። አንዱ ሽማግሌ ብቻ «ልጄ፣ ቁጥር ሰው ይበድላል ለካ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ቁጥር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ተራ ማስያዝ ነው። ሁለተኛው ስም መሆን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 3367 አንቀጾች አሉት። የሕግ ሰው «1723» ካለ ሌላው ወዲያው ይገባዋል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መደረግ አለበት የሚለው ነው። ቁጥሩ እንደ ሰው ስም ተጠርቶ ይመጣል። ለዚህም ነው በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ለብቻው ሲወጣ በፍትሐ ብሔሩ የቀሩት አንቀጾች ከ1 ጀምረው እንደገና ያልተቆጠሩት። 1723 ዛሬም 1723 ነው።

ሌሎች አገሮችም ለዚሁ ጉዳይ ዘዴ አላቸው። ሕንድ በ2002 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷን ስታሻሽል ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በነፃ የመማር መብት የሚሰጥ አንቀጽ ጨመረች። ሌሎቹን አንቀጾች ወደ ታች አልገፋችም፤ ከአንቀጽ 21 ቀጥላ «21ኤ» ብላ አስገባችው። በእኛ አገር ማሻሻያ አዋጆች ግን አዲስ አንቀጽ ሲገባ የቀሩት ቁጥራቸው ይሸጋሸግ የሚል ትእዛዝም ይገኛል። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ የሚያጠፋው አሸጋሽጎ ጠቋሚውን መርሳት ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንግባ። ወርድ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም የሚከተለውን እናድርግ።

1ኛ/ ቁጥር በጣት አይጻፍ። «ሆም» በሚለው ረድፍ ላይ «መልቲሌቭል ሊስት» የሚል አለ፤ ባለ ብዙ ደረጃ ዝርዝር ማለት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ከቁጥሩ ፊት «አንቀጽ» የሚለውን ቃል እናስገባለን። ሁለተኛው ደረጃ ንዑስ አንቀጽ ይሆናል፤ 1/ 2/ 3/ እያለ ይሄዳል፣ አዲስ አንቀጽ በመጣ ቁጥርም ራሱ ከ1 ይጀምራል። ደረጃ ለመውረድ «ታብ»፣ ለመመለስ «ሺፍት»ና «ታብ» አንድ ላይ መምታት ይበቃል። መሐል ላይ አዲስ አንቀጽ ቢገባ የታችኞቹ ራሳቸው ይሸጋሸጋሉ።

2ኛ/ ጠቋሚውም በጣት አይጻፍ። እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። «በአንቀጽ 7» ለማለት ስንፈልግ «ሪፈረንስስ» ከሚለው ረድፍ «ክሮስ ሪፈረንስ» የሚለውን ከፍተን የምንጠቅሰውን አንቀጽ ከዝርዝሩ እንመርጣለን። ፕሮግራሙ «አንቀጽ 7» ብሎ ያስገባል። እኛ ከፊቱ «በ» ብቻ እንጽፋለን፤ «በአንቀጽ» ብለን ከጻፍን ቃሉ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

3ኛ/ ጠቋሚ ራሱን ወዲያው አያድስም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንቀጹ ቁጥር ተለውጦ ጠቋሚው አሮጌውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከማተም በፊት «ኮንትሮል»ና «ኤ» መትቶ ሁሉንም መምረጥ፣ ከዚያ «ኤፍ 9» መምታት ነው። የተጠቀሰው አንቀጽ ተሰርዞ ከሆነ በቦታው የስሕተት መልእክት ብቅ ይላል። እሱን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ከሚያሳይ ይልቅ ተሳስተሃል ብሎ ቢነግረን ይሻላል።

4ኛ/ ስለ ሀ ለ ሐ። ከንዑስ አንቀጽ በታች ያለው ዝርዝር በእኛ ሕጎች ሀ/ ለ/ ሐ/ መ/ እየተባለ ይሄዳል። እኛ በምንሠራባቸው ማሽኖች ላይ ባለው ዝርዝር ውስጥ የእኛ ፊደል ተራ የለም። ስለዚህ ፊደሎቹን በእጅ መጻፍ ግድ ነው፤ በእጅ የተጻፈውን ደግሞ በዓይን አንድ በአንድ መመርመር። ሌላም ችግር አለ። ሀ እና ሐ፣ ሠ እና ሰ ሲነበቡ ድምፃቸው አንድ ነው። ሰባት ነጥብ ያለው ዝርዝር ውስጥ ሁለት ጥንድ ተመሳሳይ አለ ማለት ነው። በስብሰባ ላይ «ፊደል ሀ» ቢባል የትኛው ነው? አባቶቻችን ዘዴውን አበጅተውልናል፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ ብሎ መጥራት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ለልጆች ስናስተምር ለፊደል ቆጠራ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለሕግም ያገለግላል።

5ኛ/ ከተፈረመ በኋላ ቁጥር አይነካ። ረቂቅ እስከሆነ ድረስ ማሽኑ ያሸጋሽግ። ሰዎች ከፈረሙ በኋላ ግን ጽሑፉን በፒዲኤፍ አስቀምጦ ማኖር ይገባል፤ ምክንያቱም የወርዱ ጽሑፍ በሌላ ማሽን ሲከፈት መልኩ ሊዛባ ወይም ሰው ሳያስበው ሊነካው ይችላል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ለውጥ በቃለ ጉባኤ ተይዞ በማሻሻያ ይጻፍ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህን ሁሉ ከማድረግ በእጅ መቁጠሩ አይፈጥንም ወይ?» ይሉኛል። ባለ አምስት አንቀጽ ለሆነ ወረቀት እውነት ነው፣ ይፈጥናል። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ደግሞም ማሽኑ ሁሉን አያውቅም። በአንቀጽ 7 ፈንታ አንቀጽ 6ን ብንመርጥ ታዛዥ ስለሆነ 6ን ያስገባል። ስለዚህ የመጨረሻው ምርመራ የሰው ነው። እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው፤ አንዱ «በአንቀጽ ይህን ያህል» የሚለውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ያንን አንቀጽ ገልጦ ሐሳቡ መግጠም አለመግጠሙን ያያል። ሁለት ሰው ሩብ ሰዓት ቢፈጅባቸው ነው።

በጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ቁጥር አይጠቅሱም፤ ሐሳቡን በቃላቸው ይዘውታል። ስለዚህ ቁጥር ቢዛባ እንኳ ፍርዱ አይዛባም። እኛ ግን ቃሉን ከሰው ልብ አውጥተን በወረቀት ስናሰፍር ወረቀቱ የሚያስታውሰው የጻፍንበትን ብቻ ነው። ያንን ድንኳን ውስጥ የቆየ ቃለ ጉባኤና የሚያስታውስ አባት ባይገኝ ኖሮ እናቲቱ ምን ይሆኑ ነበር?

እንግዲህ ነገ «መምህር፣ ይህችን ጻፍልን» ስንባል እሺ እንበል። ብቻ ከማኅተሙ በፊት አንድ ጊዜ እንጠይቅ፤ አንቀጽ 7 የትኛው ነው?