በራስ ስም ስለሚሰየም ኔምሰርቨር፤ ለሆስቲንግ ቸርቻሪዎችና ለደንበኞቻቸው

የምንጃር ጤፍ በአዲስ አበባ እህል በረንዳ ዋጋ የሚያገኘው በጥራቱ ብቻ ሳይሆን በስሙም ጭምር መሆኑን የእህል ነጋዴዎች ያውቁታል። የደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የሽምብራ ዝርያዎችም አንዱ «አረርቲ» ተብሎ የከተማዋን ስም ይዟል። እህል ሲሸጥ ስሙ ከእህሉ ጋራ ይሄዳል፤ ጆንያው ቢለወጥ ስሙ አይለወጥም። በኢንተርኔት በሚደረገው ንግድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሱቁ የሚታወቅበት ስም በማን እጅ እንዳለ ሳይጠየቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ጥያቄውም የሚነሣው አቅራቢውን መለወጥ ያስፈለገ ዕለት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን የሆስቲንግ ችርቻሮ ንግድ ነው። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በአረርቲ ወይም በደብረ ብርሃን ተቀምጦ፥ የራሱ ሰርቨር ሳይኖረው፥ ከአንድ ትልቅ ድርጅት በጅምላ ቦታ ይከራያል፤ ያንንም ቦታ ከፋፍሎ ለባለሱቁ፥ ለሆቴሉና ለሽምብራ ላኪው ድረ ገጽና የድርጅት ኢሜይል አድርጎ ያከራያል። በሙያው ቋንቋ ሪሴለር ይባላል። በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ስኳር የሚሸጥ ባለሱቅ ሁሉ የስኳር ፋብሪካ እንዲኖረው አይጠበቅም።

ኔምሰርቨር ማለት ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ሰው ግን የሚያስታውሰው ስምን ነው። ስለዚህ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ መዝገብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዘመን የስሞቹ ሁሉ ዝርዝር በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ተመዝግቦ ይጠበቅ ነበር። ስሞቹ እየበዙ ሲሄዱ ይህ አላዋጣም፤ በ1976 ዓ.ም. ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው ሊቅ መዝገቡ በየደረጃው ተከፋፍሎ የሚያዝበትን ሥርዓት አወጣ። ዛሬ ከሁሉ በላይ በአሥራ ሦስት ፊደላት የሚጠሩ የሥር ሰርቨሮች አሉ። ከእነርሱ በታች እንደ ነጥብ ኮምና ነጥብ ኢቲ ያሉት መለያዎች ይገኛሉ፤ ነጥብ ኢቲ ለኢትዮጵያ በ1988 ዓ.ም. የተሰጠ ሲሆን ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከመለያዎቹ በታች ደግሞ የእያንዳንዱን ድርጅት ስም የሚያውቀው ኔምሰርቨር አለ። አንድ የውጭ አገር ገዢ የላኪውን ድረ ገጽ ሲከፍት ጥያቄው ከላይ ወደ ታች ወርዶ እዚህ ኔምሰርቨር ዘንድ ይደርሳል፤ ኔምሰርቨሩ መልስ ካልሰጠ ድረ ገጹ ደኅና ቢሆንም እንኳ የሚያገኘው የለም።

ቸርቻሪው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት የኔምሰርቨር ስሞች ይሰጠዋል፤ ደንበኛውም ዶሜይኑን ባስመዘገበበት ቦታ ያጽፋቸዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚሰጡት ስሞች የጅምላ አከራዩ ስሞች ከሆኑ ደንበኛው ከጅምላ አከራዩ ጋራ ታስሯል ማለት ነው፤ ቸርቻሪው በመካከሉ የቆመ ደላላ ብቻ ይሆናል።

ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል የገንዘቡን ነገር እናንሣ። ቦታውን ከውጭ አገር የሚከራየው ቸርቻሪ ከደንበኞቹ ብር ይሰበስባል፤ ለአከራዩ ግን የሚከፍለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ቸርቻሪው ረከስ ያለ አከራይ መፈለጉ ግድ ነው። አርባ ደንበኞች አሉት እንበል። ኔምሰርቨሮቹ በቀድሞው አከራይ ስም ከተጻፉ አርባውም ደንበኞች ዶሜይናቸውን ወዳስመዘገቡበት ቦታ ሄደው ስሞቹን መለወጥ አለባቸው። አንዱ የይለፍ ቃሉን ረስቷል፤ የሌላው ዶሜይን ከሥራ በለቀቀ ጸሐፊ ኢሜይል ተመዝግቧል፤ ሦስተኛው ለንግድ ወጥቶ ለአንድ ወር አይገኝም። ኔምሰርቨሮቹ በቸርቻሪው በራሱ ስም ከተሰየሙ ግን ቸርቻሪው በአንድ ቦታ ሁለት ቁጥሮችን ይለውጣል፤ ደንበኞቹ ምንም አይጠየቁም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ቸርቻሪው በቅድሚያ በንግድ ስሙ ዶሜይን ያስመዘግባል፤ ምሳሌ እንዲሆነን «እገሌ ነጥብ ኮም» እንበለው። ይህ ዶሜይን በራሱ በቸርቻሪው ስም መመዝገብ አለበት፤ ጅምላ አከራዩ «እኔ በነጻ አስመዘግብልሃለሁ» ቢለው እንኳ ባለቤትነቱ ለእርሱ ካልተሰጠው ነጻ ያሉት ነገር ኋላ ከሁሉ የሚወደድ ይሆናል። ቀጥሎ ከአከራዩ ሁለት የአይፒ አድራሻዎችን ይጠይቃል። ከዚያም ዶሜይኑን ባስመዘገበበት መዝጋቢ ዘንድ «ኤንኤስ1 ነጥብ እገሌ ነጥብ ኮም» እና «ኤንኤስ2 ነጥብ እገሌ ነጥብ ኮም» የተባሉትን ስሞች ከነአይፒ አድራሻቸው በኔምሰርቨርነት ያስመዘግባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ሥራ ስለሆነ ጥቂት እናብራራው። የ«እገሌ ነጥብ ኮም»ን አድራሻ የሚያውቀው ኤንኤስ1 ነው፤ ኤንኤስ1 ራሱ ደግሞ በ«እገሌ ነጥብ ኮም» ውስጥ ነው። ጠያቂው ኤንኤስ1ን ለማግኘት ኤንኤስ1ን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህም የሣጥኑን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ እንደ መቈለፍ ነው። ስለዚህ የነጥብ ኮም መዝገብ ራሱ የኤንኤስ1ን ቁጥር ከስሙ ጋራ አጣብቆ እንዲይዝ ይደረጋል፤ ባለሙያዎች ግሉ ሪከርድ ማለታቸው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ግሉ ማጣበቂያ ማለት ነውና። ስሙን በራሱ የዶሜይን መዝገብ ላይ ብቻ ጽፎ ይህን የተወ ቸርቻሪ፥ ሁሉን አሟልቼ ሳለ ለምን አይሠራም እያለ ሲደክም ይውላል።

ከዚህ በኋላ እነዚሁ ሁለት ስሞች ከነቁጥራቸው በዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ ይጻፋሉ፤ ቸርቻሪው ደንበኞችን በሚያስተዳድርበት ዌብ ሆስት ማናጀር በሚባለው የሲፓነል ክፍልም ገብተው ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ እንዲሰጡ ይደረጋል። ቀድሞ ለገቡት ደንበኞች ግን በራሱ አይለወጥም፤ የእያንዳንዱን መዝገብ መመልከት ያስፈልጋል። ሥራው መሳካቱን ለመመርመር በማናቸውም የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚገኘው «ኤንኤስሉክአፕ» የተባለው ትእዛዝ ይበቃል።

በዚህ የረካ ቸርቻሪ ብዙ ነው፤ እኛ ግን እዚህ ላይ አንረካም። ሁለቱም ስሞች በአንድ ሰርቨር ላይ ካረፉ፥ ስሙ ሁለት ይሁን እንጂ ቤቱ አንድ ነው። የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች በ1989 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ኔምሰርቨሮች በተለያየ ቦታና በተለያየ መሥመር ላይ እንዲሆኑ መክረዋል። ምክሩን መዘንጋት ታላላቆቹንም ጐድቷል። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ዳይን የተባለው የአሜሪካ ኔምሰርቨር አቅራቢ በጥቃት በተጥለቀለቀ ጊዜ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ድርጅቶች ሰርቨሮቻቸው ደኅና ሳሉ ከብዙ ሰው ዓይን ተሰወሩ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በፌስቡክ የውስጥ መሥመር ላይ በጥገና ጊዜ በተሠራ ስሕተት የኩባንያው ኔምሰርቨሮች ሁሉ በአንድነት ከኢንተርኔት ተለዩ፤ ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ዕቃውን በዋትሳፕ የሚሸጥ ነጋዴ ያን ማታ አይረሳውም። በራስ ስም የተሰየመ ኔምሰርቨር የራስ ስም ስላለው ብቻ ጠንካራ አይሆንም፤ ሁለተኛውን ከሌላ አከራይ፥ ቢቻል በሌላ አገር ማኖር ይገባል። ወጪው እምብዛም አይደለም፤ ኔምሰርቨር ትንሽ ሰርቨር ይበቃዋልና።

ሰርቨሩን በአረርቲ በራሱ ቢሮ ለማኖር የሚያስብ ቢኖር አይበጀውም እንላለን። መብራት መጥፋቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፥ ሰርቨሩና ኔምሰርቨሩ ከክልሉ ውጭ የነበረ ድርጅት ድረ ገጹ ለውጭ ገዢ መታየቱን ሊቀጥል ይችል ነበር፤ በአካባቢው መሥመር ላይ ያኖረ ግን ከመሥመሩ ጋራ ይጠፋል።

የራስ ስም መያዝ የሚያመጣው አንድ አዲስ ሸክምም አለ። «እገሌ ነጥብ ኮም» የዓመት ክፍያው ሳይታደስ ቢቀር የሚጠፋው የቸርቻሪው ድረ ገጽ ብቻ አይደለም፤ አርባው ደንበኞች ከነኢሜይላቸው አብረው ይጠፋሉ። የውጭ ምንዛሪ ካርድ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም። የነጥብ ኮም ስም እስከ አሥር ዓመት ድረስ በአንድ ጊዜ ሊከፈልበት ስለሚቻል፥ ገንዘቡ በተገኘ ጊዜ አራትና አምስት ዓመት አስቀድሞ መክፈል ብልኅነት ነው። ባለሱቆችና ላኪዎችም በበኩላቸው የሆስቲንግ ቸርቻሪያቸውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ የእኔ ዶሜይን በማን ስም ተመዘገበ? የአንተስ ዶሜይን እስከ መቼ ተከፍሎበታል? ቸርቻሪውም ቢሆን ሰርቨሩ የራሴ ነው ብሎ ባይናገር ይሻለዋል፤ የአይፒ አድራሻው የማን እንደሆነ ማንም ሰው በነጻ ሊያየው ይችላልና።

አከራይ በሚለወጥበት ጊዜ የድረ ገጹ ፋይሎችና ደብዳቤዎቹ አስቀድመው ወደ አዲሱ ሰርቨር ይገለበጣሉ፤ የኔምሰርቨሮቹ ቁጥር የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። የነጥብ ኮም መዝገብ የሚሰጠው መልስ በየቦታው ለ172,800 ሰከንድ፥ ማለት ለሁለት ቀን ተይዞ ሊቈይ ስለሚችል፥ በእነዚህ ቀናት ጠያቂው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አያገኝም፤ ከፊሉ ደብዳቤ በአሮጌው፥ ከፊሉ በአዲሱ ሰርቨር ይገባል። ስለዚህ የአሮጌው ኪራይ ቢያንስ አንድ ሳምንት እንዲቈይ ይደረግ፤ ከመዘጋቱም በፊት የእያንዳንዱ ደንበኛ የደብዳቤ ሣጥን ተከፍቶ የቀረ ነገር ካለ ወደ አዲሱ ይዛወር።